ሊጫወቱ የመጡ ልጆች ለምን ይሰለፋሉ? የአንድ ሰዓት የልጆች ራግቢ ልምምድ እንዴት ይደራጃል

20 ልጆች አሉ። አንድ ኳስ። አንድ ረጅም ሰልፍ። ፊት ያለው ልጅ ኳሱን ይዞ ይሮጣል፣ ያቀብላል፣ ተመልሶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል። አንዱ ተራ 15 ሰከንድ ይፈጃል እንበል።

አሁን ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተሩን ክፈቱ። 15 ደቂቃ ማለት 60 ተራ ነው። 60ን ለ20 ልጅ ስናካፍለው ለእያንዳንዱ 3 ተራ ይደርሰዋል። በሰከንድ ሲሰላ 45 ብቻ! የቀረውን 14 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ልጁ የጨረሰው ቆሞ ተራ በመጠበቅ ነው። እኛ ታክሲ ለመያዝ ይሄን ያህል ስንቆም እናማርራለን። ልጁ ግን ሊጫወት ነበር የመጣው።

ይሄ ችግር በእግር ኳስም በቅርጫት ኳስም አለ። ዛሬ ግን ምሳሌ የምናደርገው ራግቢን ነው። ለምን? ራግቢ ላይ ልጆች ይጋጫሉ። ስለዚህ በደንብ ያልተደራጀ ልምምድ የሚያስከፍለው ዋጋ መሰላቸት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው። በተለይ እንግሊዝ ውስጥ ለልጆች ራግቢ የወጣው ደንብ በጣም ዝርዝር ስለሆነ ከእሱ የሚወሰድ ብዙ ትምህርት አለ።

▪️ ራግቢ በአጭሩ

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ኳሷ የእንቁላል ቅርጽ አላት። በእጅ ይዞ ወደፊት መሮጥ ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል የሚቻለው ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ኳስ የያዘን ተጋጣሚ አቅፎ መሬት ላይ መጣል ይፈቀዳል፤ ይሄ ታክል ይባላል። ኳሷን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ማዶ መሬት ያስነካ ተጫዋች ትራይ አስቆጠረ ይባላል፣ 5 ነጥብም ያስገኛል።

የአዋቂዎቹ ዋናው ጨዋታ 15 ለ15 ነው። በ7 ሰው የሚደረገው ደግሞ ሰቨንስ ይባላል። ጎረቤታችን ኬንያ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሲንጋፖር ላይ ፊጂን በፍጻሜ 30 ለ7 አሸንፋ ዋንጫ ያነሳችው በዚህኛው ነው።

▪️ መጀመሪያ ዕድሜ

የእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር ልጆችን የአዋቂዎች ጨዋታ ውስጥ ዝም ብሎ አይከታቸውም። ደረጃ በደረጃ ነው የሚያሳድጋቸው።

ከ7 ዓመት በታች ያሉት 4 ለ4 ይጫወታሉ። ከ8 ዓመት በታች 6 ለ6። በእነዚህ ሁለት ደረጃዎች ታክል የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ወገባቸው ላይ ቀበቶ ታጥቀው በቀበቶው ግራና ቀኝ ሪባን ያንጠለጥላሉ። ተጋጣሚን ማስቆም የሚቻለው ሪባኑን በመንጠቅ ብቻ ነው። ኒውዚላንድም ትንንሾቹን የምታስጀምረው በተመሳሳይ ጨዋታ ነው፤ እዚያ «ሪፓ ራግቢ» ይሉታል።

እንግሊዝ ውስጥ ታክል የሚጀመረው ከ9 ዓመት በታች ባለው ደረጃ ሲሆን ጨዋታው 7 ለ7 ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በየዓመቱ ይጨምራል፦ ከ10 ዓመት በታች 8፣ ከ11 በታች 9፣ ከ12 በታች 12። ኳሷም አብራ ታድጋለች፤ ትንንሾቹ 3 ቁጥር፣ መካከለኞቹ 4 ቁጥር፣ ከ15 ዓመት በታች ካለው ደረጃ ጀምሮ የአዋቂዎቹን 5 ቁጥር ይይዛሉ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሲያንስ እያንዳንዱ ልጅ ኳስ የሚነካበት ጊዜ ይበዛል። 15 ለ15 ብናጫውታቸው ጎበዙና ጉልበተኛው ልጅ ኳሱን ይዞ ይሮጣል፣ ሌሎቹ ያዩታል። 4 ለ4 ከሆነ ግን መደበቂያ ቦታ የለም።

▪️ አሰልጣኙ ራሱን የሚጠይቃቸው 4 ጥያቄዎች

በብዙ የእንግሊዝ ክለቦች የልጆች ራግቢ የሚካሄደው እሁድ ጠዋት ነው። አሰልጣኞቹም በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው ወላጆች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ላይ ውለው ነው የሚመጡት። ስለዚህ የሚሰጣቸው መመሪያ በቃል የሚያዝ መሆን አለበት። አንዱ ይሄ ነው፦

1. ልጆቹ እየተንቀሳቀሱ ነው ወይ?
2. የሚሠሩት ነገር ዓላማ አለው ወይ?
3. እየተደሰቱ ነው ወይ?
4. ደኅንነታቸው ተጠብቋል ወይ?

የአራቱ ቃላት የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ኤፕስ» የሚል ቃል ይሰጣሉ፤ አሰልጣኞቹም በዚሁ ስም ያስታውሱታል። በልምምዱ መሀል ቀና ብሎ ሜዳውን ማየትና አራቱን መጠየቅ ነው። ለአንዱ እንኳ መልሱ «አይደለም» ከሆነ የሆነ ነገር መቀየር አለበት።

ያቺ ሰልፍ በዚህ ብትመዘን ወዲያው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ትወድቃለች። የሚገርመው ግን ሰልፍ ከውጪ ሲያዩት ያምራል። ልጆቹ ሥርዓት የያዙ ይመስላሉ፣ አሰልጣኙም ሥራ ላይ ያለ ይመስላል። ትንንሽ ጨዋታዎች ደግሞ ከውጪ ሲታዩ ትርምስ ናቸው። ጩኸት አለ፣ ኳስ ይወድቃል፣ አሰልጣኙ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ይመለከታል። ዳር የቆመ ወላጅ «ይሄ ሰውዬ ምን እየሠራ ነው?» ሊል ይችላል። መልሱ፦ ልጆቹ ራሳቸው እንዲያስቡ እያደረገ ነው።

▪️ ጨዋታው ይቅደም ወይስ ቴክኒኩ?

የድሮው አካሄድ ግልጽ ነበር፦ ማሟሟቂያ ሩጫ፣ ከዚያ ቴክኒክ፣ ከዚያ ጊዜ ከተረፈ መጨረሻ ላይ ጨዋታ። ልጆች ደግሞ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ «መቼ ነው የምንጫወተው?» እያሉ ይጠይቃሉ።

በ1982 እንግሊዝ ውስጥ በላፍብራ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዴቪድ በንከር እና ሮድ ቶርፕ ይሄን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሐሳብ አቀረቡ። ልጁ መጀመሪያ ለአቅሙ የተቀለለ ጨዋታ ይጫወት፣ ጨዋታው ችግር ይፍጠርበት፣ ያን ጊዜ ቴክኒኩን ለምን እንደሚፈልገው ይገባዋል አሉ። «ጨዋታን በመረዳት ማስተማር» ልንለው እንችላለን።

ምን ማለት ነው? ልጅን ከመሬት ተነስታችሁ «ኳስ ከማቀበልህ በፊት ተከላካዩን ወደ ራስህ ሳበው» ብትሉት በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው ያወጣዋል። ሦስቴ ቸኩሎ አቀብሎ ሦስቴ ጓደኛው ሲያዝበት ካየ በኋላ ብትነግሩት ግን ይሰማችኋል። ጥያቄው የራሱ ሆኗላ!

▪️ አንድ ሰዓት፣ 20 ልጅ፦ የናሙና ፕሮግራም

ከ10 ዓመት በታች ላሉ 20 ልጆችና ለሁለት አሰልጣኞች እንዲህ ማዘጋጀት ይቻላል። የዕለቱ ርዕስ አንድ ብቻ ነው፦ ሁለት ሆኖ አንድ ተከላካይን ማለፍ።

ከመጀመሩ በፊት። አሰልጣኙ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። ሜዳው ላይ ጎን ለጎን አራት ካሬዎችን በኮን ያበጃል፤ የእያንዳንዱ ጎን 15 ሜትር አካባቢ ነው። ትልቁ ሚስጥር እዚህ ላይ ነው። የመካከሉን ኮን ካነሳችሁ ሁለት ካሬ አንድ የመጫወቻ ሜዳ ይሆናል፣ ከመለሳችሁት ደግሞ እንደገና ሁለት ካሬ። ስለዚህ ከአንዱ ልምምድ ወደሌላው ሲኬድ ኮን ለመለቃቀም የሚባክን 5 ደቂቃ የለም።

0–10 ደቂቃ። ልጆች አንድ ላይ አይመጡም። ቀድሞ የደረሰው የዘገየውን መጠበቅ የለበትም። ሁለት ልጅ እንደደረሰ የሚጀመር ጨዋታ ይዘጋጃል፤ ለምሳሌ ኳስ ይዞ የሚሯሯጡበት አባሮሽ። የመጣው እየገባ ይቀላቀላል። ማሟሟቂያው ራሱ ጨዋታ ሆነ ማለት ነው።

10–25 ደቂቃ። አራት ቡድን፣ እያንዳንዱ 5 ልጅ፣ ሁለት ሜዳ። 5 ለ5 ይጫወታሉ፣ ግን ያለ ታክል፤ በሁለት እጅ የተነካ ተጫዋች ኳሱን ማቀበል አለበት። አሰልጣኙ እዚህ ጋ ብዙ አያወራም። ያያል።

25–40 ደቂቃ። ወደ አራቱ ካሬ ይመለሳሉ፣ በእያንዳንዱ 5 ልጅ። ሁለቱ ያጠቃሉ፣ አንዱ ይከላከላል፣ ሁለቱ ተከታዮች ናቸው። እስቲ እናስላ። 60 ተራ፣ በእያንዳንዱ ተራ 3 ልጅ ይሳተፋል፣ 180 ሆነ። ለ5 ሲካፈል እያንዳንዱ ልጅ 36 ጊዜ ይሳተፋል። ያው 15 ደቂቃ፣ ያው ሜዳ፣ ያው ልጆች፤ ግን ከ3 ወደ 36! ተጨማሪ ገንዘብ አልወጣም። የተጨመረው ሦስት ኳስና የአሰልጣኙ ዝግጅት ብቻ ነው። መሀል ላይ ደግሞ ውኃ።

40–55 ደቂቃ። ተመልሶ ወደ ጨዋታው፣ አሁን ግን አንድ ደንብ ተጨምሮ። ለምሳሌ፦ ተከላካይን በሁለት ለአንድ አልፎ የተቆጠረ ትራይ እጥፍ ነጥብ ያስገኛል። ልጆቹ የተለማመዱትን ነገር ራሳቸው መፈለግ ይጀምራሉ፤ መጮህ አያስፈልግም።

55–60 ደቂቃ። ሰውነት ማቀዝቀዝና ሁለት ጥያቄ፦ «ዛሬ ምን ሠራልን? መቼ ነው ማቀበል ያለብን?» በቃ። ንግግር የለም።

▪️ አጭር ማውራት

አሰልጣኝ ሲናገር ልጁ አይንቀሳቀስም። አሥር ጊዜ እያስቆመ ለሁለት ለሁለት ደቂቃ ካብራራ ከሰዓቱ 20 ደቂቃው በወሬ አለቀ ማለት ነው። ጥሩ መለኪያ፦ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አታውሩ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። አንድ ልጅ ብቻ ከተሳሳተ ሁሉንም በፊሽካ አታስቁሙ። ጠጋ ብላችሁ ለእሱ ብቻ ንገሩት። ሌሎቹ ይጫወቱ።

ትእዛዝን በጥያቄ መተካትም ይረዳል። «ወደ ቀኝ አቀብል!» ከማለት «ክፍት ቦታው የት ነው?» ማለት። የመጀመሪያው የዛሬዋን ኳስ ያድናል፣ ሁለተኛው የሚቀጥለውን ሳምንት።

▪️ አንዱ ልጅ በጣም ጎበዝ፣ ሌላው ዓይናፋር ሲሆንስ?

የታወቀ ችግር ነው። አሰልጣኞች እዚህ ላይ የሚቀያይሯቸው አራት ነገሮች አሉ፦ ቦታው፣ ሥራው፣ ዕቃው እና የሰው ብዛት። ጨዋታው ከከበዳቸው ሜዳውን ለአጥቂዎች ያሰፋሉ። ከቀለለ አንድ ተከላካይ ይጨምራሉ። ኳስ የሚፈራ ልጅ ካለ ለስላሳ ኳስ ይሰጡታል። ጎበዙ ሁሉንም ብቻውን ካስቆጠረ «ትራይ ከመቆጠሩ በፊት ቢያንስ ሦስት ልጅ ኳስ ይንካ» የሚል ደንብ ይጨመራል። ጎበዙ አልተቀጣም፤ አዲስ የቤት ሥራ ተሰጠው እንጂ።

የግጥሚያ ቀንም ቢሆን የእንግሊዝ ማኅበር «የግማሽ ጨዋታ ደንብ» አለው። ለቡድኑ የተመረጠ ልጅ ሁሉ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይጫወታል። ማሊያ ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ አይኖርም።

▪️ ታክል፦ እዚህ ላይ መቸኮል የለም

እስካሁን ያወራነው ስለ ፍጥነት ነው። ታክል ግን ሌላ ነው። ጊዜ መቆጠብ የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም።

ልጆቹ በቁመትና በክብደት ተቀራራቢ ሆነው ይጣመራሉ። በመጀመሪያ ሁለቱም ተንበርክከው፣ ቀጥሎ በእርምጃ፣ ከዚያ በዝግታ ሩጫ ይለማመዳሉ። ዋናው ነጥብ ጭንቅላት ነው። ታክል የሚያደርገው ልጅ ጭንቅላቱን በተጋጣሚው ጎን ወይም ከኋላው ያደርጋል፤ በምንም ተአምር ከፊቱ አያስቀምጥም። ትከሻው ይነካል፣ እጆቹ ያቅፋሉ፣ ዓይኖቹ ክፍት ናቸው። ይሄን ሳይችል ወደ ሙሉ ፍጥነት አይሄድም።

እንግሊዝ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በአማተር ራግቢ ላይ የታክል ከፍታን ዝቅ አድርጋለች፤ ከደረት አጥንት ግርጌ በታች መሆን አለበት። ዓላማው ጭንቅላት ከጭንቅላት የሚጋጭበትን አጋጣሚ መቀነስ ነው።

ማሟሟቂያም እዚህ ላይ ጊዜ የሚባክንበት ነገር አይደለም። በእንግሊዝ 40 ትምህርት ቤቶች ከ14 እስከ 18 ዓመት ባሉ ወንድ ተጫዋቾች ላይ በተደረገና በ2017 በወጣ ጥናት፣ 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ የሚዛን፣ የጥንካሬና የአንገት እንቅስቃሴ ፕሮግራም ተሞከረ። በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሠሩት ቡድኖች የጨዋታ ጉዳታቸው በ72 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳታቸው ደግሞ በ59 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የዓለም ራግቢ ፕሮግራሙን «አክቲቬት» በሚል ስም ለሁሉም በነፃ አቅርቦታል።

▪️ ጭንቅላቱን ከተመታ

ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት።

በ2011 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በትምህርት ቤቶች ጨዋታ ላይ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጭንቅላቱን ተመታ። ጨዋታውን ግን ቀጠለ። ሌላ ግጭት ተጨመረበት። ሜዳ ላይ ወደቀ፣ ሆስፒታል ገብቶም ሕይወቱ አለፈ። የመጀመሪያው ጉዳት ሳይድን ሁለተኛ ሲደረብበት አንጎል በአደገኛ ሁኔታ ሊያብጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን ይገድላል።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ለዓመታት ተሟግቷል። ዛሬ በዩናይትድ ኪንግደም ለአማተር ስፖርት ሁሉ የወጣው መመሪያ መልእክቱ አንድ ነው፦ ከተጠራጠራችሁ አስወጡት።

ምልክቶቹ፦ መፍዘዝ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መንገዳገድ፣ የት እንዳለ መርሳት፣ የተጠየቀውን ዘግይቶ መመለስ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ወይም መናደድ። ራሱን መሳት ግድ አይደለም! ብዙዎቹ ራሳቸውን አይስቱም። «ደህና ነኝ፣ ልጫወት» ቢልም አይመለስም፤ ልጅ መቼም መጫወት ይፈልጋል። በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት ልምምድም ጨዋታም የለም። ወደ ውድድር የሚመለሰው በትንሹ ከ21 ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ለ14 ቀናት ምንም ምልክት ሳይታይበት ከቆየ። ማስታወክ ከተደጋገመ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ከተንቀጠቀጠ ቀጥታ ሆስፒታል።

▪️ ራግቢ ባንጫወትስ?

ሰፈር ውስጥ ወይም ትምህርት ቤት የልጆች እግር ኳስ የምታሠለጥኑ ወጣቶች ብዙ ናችሁ። ኮንም ኳስም እንደ ልብ አይገኝም። ግን የሰልፉ ሒሳብ ለእናንተም ያው ነው።

ኮን ከሌለ ድንጋይ ወይም ውኃ የተሞላ ሃይላንድ ምልክት ይሆናል። ያላችሁ ኳስ ሁለት ብቻ ከሆነ 20 ልጅ በሁለት ሜዳ 5 ለ5 ይጫወት። ኳሱ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ግማሾቹ በእሱ ይጫወቱ፣ ግማሾቹ በጨርቅ ኳስ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይቀያየሩ። በትንሽ ሜዳ የጨርቅ ኳስ ሲመታ ያደገ ልጅ በቂ ንክኪ አግኝቷል፤ በአንድ ቆንጆ ኳስ ፊት ተሰልፎ የቆመው ግን አላገኘም። በቴስታ ወይም በግጭት ጭንቅላቱን የተመታ ልጅም ያው የ24 ሰዓትና የ21 ቀን ጥንቃቄ ይገባዋል።

እንግሊዝ የምትኖሩ ወላጆችም ልጃችሁ ራግቢ ሊጀምር ከሆነ አንድ እሁድ ሄዳችሁ ዳር ላይ ቆማችሁ እዩ። ስንት ዋንጫ እንዳላቸው ከመጠየቃችሁ በፊት ሰዓታችሁን አውጡ። ከልጆቹ አንዱን ምረጡና በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ኳስ እንደነካ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ቁጠሩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ለአሰልጣኙ፦ «ልጅ ጭንቅላቱን ቢመታ ምን ታደርጋላችሁ?» ሳያመነታ የሚመልስ ከሆነ ጥሩ ቦታ ነው የመጣችሁት።

አሰልጣኞችም ያንኑ በራሳችሁ ሜዳ ሞክሩት። በሚቀጥለው ልምምድ አንድ ሰው ስልክ ይያዝና አንድ ልጅን ብቻ ይከታተል። ስንት ጊዜ ነካ? ስንት ደቂቃ ቆመ? ቁጥሩን ኮመንት ላይ ጻፉልን። ልጆች የምታሠለጥን እህት ወይም ወንድም ካላችሁ ደግሞ ይሄን ጽሑፍ ሼር አድርጉላቸው፤ በተለይ ስለ ጭንቅላት ጉዳት ያለውን።